ቤት አልመታም

ቢቸና፤ ነሐሴ፤ ሌሊት ለሰባት ሩብ ጉዳይ፤
ዝናቡ ቆርቆሮ ይወቅጣል ከላይ።
ጤና ጣቢያው በርቷል፤ የሞተው መስመሩ፤
የአንዲት ወላድ የደም ውጤት፣ ከነቁጥሩ፣
ከማርቆስ ሲመጣ መንገድ ላይ ታንቋል።
አያ አንማው ባትሪውን በጥርሱ ነክሷል።
እኔ የመሣሪያ ሣጥን ታቅፌ ቆሜያለሁ፤
ስድስት ወር ሠርቼ፣ ሁሉን አውቃለሁ።

ማርቆስ መጋዘን ውስጥ፣ መብራቱን አጥፍቶ፣
«ዓይን ይታለላል፤ ጣት ግን ያውቃል ነክቶ፤
ንገሪኝ» ይለኝ ነበር፣ አንድ አንዱን አንሥቶ
መዳፌ ላይ ሲጥል።

አራት ማዕዘን ሲሆን፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል፣
ቀጥ አድርጌ ስገፋው «ቀጭ» ብሎ የሚውል፣
ኤስ ሲ።
ታናሹ ኤል ሲ ነው፤ በውፍረት ግማሹ፤
ጀርባው ላይ ምላስ አለው፤ ሳይጫኑት ቢሹ
ከቤቱ አይወጣም።
ብዙ ጊዜ ጥንድ ነው፤ አንዱ ተናጋሪ፣ አንዱ ሰሚ፣
ሁለቱም አይተኙም።
ክብ አንገት፣ ጎኑ ላይ ስንጥቅ ያለው ሲደርሰኝ
የአያቴ ምንሽር ሳንጃ ትዝ አለኝ፤
ገፋ፣ ጠምዘዝ፣ ያዝ፤ ኤስ ቲ።
ባለጥርሱ ደግሞ እንደ ዘይት ጠርሙስ ክዳን
ዞሮ ዞሮ የሚገባ፣ የማይቸኩል እንደዚህ ዘመን፣
ኤፍ ሲ፤ የድሮ ሰው።
አንድ ቀን ጠፍጣፋ፣ አፈ ሰፊ ሰጠኝ፤
አሥራ ሁለት ክር በረድፍ፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ፤
«ኤም ፒ ኦ ይሉታል፤ ተይው» አለኝ፣ «ቢቸና እስኪደርስ።»

አንድም አልሳትኩም። «ጣትሽ ዓይን አለው» ሲለኝ
ኩራት ብቻ አልነበረም፣ እንቅልፍም ነሳኝ።

አያ አንማው ድሮ ዲማ ቅኔ ሲቆጥር ነበር፣
ለስልክ ሥራ ምሰሶ መትከል ሳይጀምር።
ዛሬም መሰኪያውን «ቤት» ብሎ ይጠራል፤
በልክ የገባውን «ግጥም ነው» ይላል፤
ያልያዘውን ግን፣ አንገቱን ነቅንቆ፣
«ቤት አልመታም።»

ሣጥኑን ከፈተ። ሁሉም ቦታ ቦታው።
አንድ በአንድ ነቀነቀ፤ የሚወልቅ አጣ።
መለኪያው ላይ ግን አንድ ስለት ቆሟል፤
ብርሃኑ ሄዶ ሄዶ፣ እንደ ዘገየ ገበያተኛ
በር ተዘግቶበት ይመለሳል።
ባትሪውን ከጥርሱ አውጥቶ አስጠጋ።
ዝም አለ።
ጫፉ አረንጓዴ፤ ቤቱ ሰማያዊ።

የአረንጓዴው ፊት ስምንት ዲግሪ ያዘመመ ነው፣
እንደ ተጠረበ ችካል፤
ሰማያዊው ቀጥ ብሎ ተስሏል።
መልካቸው አንድ ነው፤ «ቀጭ» ማለታቸውም፤
ውስጥ ለውስጥ ግን ፊት ለፊት አይተያዩም፤
ከጤፍ ፍሬ እጅግ ባነሰች ክፍተት
ብርሃን ይፈሳል።

«ማን ሰካው?»
«እኔ ነኝ። ማክሰኞ ማታ። መብራት ጠፍቶ ነበር።
በጣቴ ነው ያየሁት።»

ስድብ ጠበቅሁ። ዝናቡ ብቻ ተሳደበ።
በመጨረሻ መነጽሩን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ፣
«ጥፋቱ የኔም ነው፤ በጨለማ ነው ያስተማርኩሽ፤
ቀለም እንደማይዳሰስ መቼ ነገርኩሽ?»

ባለ ሰማያዊ ጫፍ ገመድ ከቦርሳው አወጣ፤
በአልኮል ጠረገና ወደ እኔ ሲያመጣ
«ወደ ዓይንሽ እንዳታዞሪ፤
ይህ ብርሃን ሳታዪው ያያል፤ ሳይነካሽ ያቃጥላል።»
ሰካሁ።
ቀጭ።
ድምፁ ያው ነበር። ያው የማክሰኞ ድምፅ።

ትንሽ ቆይቶ ነርሷ የዝና በመስኮት ብቅ አለች፤
«ደርሷል!» አለችን። ደግ ይሁን ክፉ ግን
ሳትነግረን ተመልሳ ገባች።

አያ አንማው ባትሪውን ሰጠኝ፤ የጥርሱ ጠባሳ አለበት።
ሣጥኑን ልዘጋ ስል እጄን መለስኩት፤
ሃያ አራቱንም ቤት፣ ከላይ እስከ ታች፣
አንድ በአንድ አየሁ።
በጣቴ አይደለም።